ምስሉ ያምራል፤ ጥናቱስ የት አለ?

ይኼን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ አንድ ቪዲዮ ይለቀቃል። ሊሠራ የታቀደ ፋብሪካ፣ መንገድ፣ ሪዞርት ወይም የመኖሪያ መንደር በ3ዲ ተሠርቶ ይታያል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፤ ከጀርባ ደስ የሚል ሙዚቃ አለ። እኛም ላይክ እናደርጋለን፣ ለጓደኛ እንልካለን፣ ኮሜንቱ ላይ «ዋው» ብለን እናልፋለን።

እውነት ለመናገር ክፋት የለውም። አገር ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ደግሞ አዲስ ፋብሪካ ማለት ምስል ብቻ አይደለም፤ ደመወዝ ነው። ግን 3ዲው የማያሳየን ብዙ ነገር አለ። የፋብሪካው ፍሳሽ በየት በኩል ወጥቶ የትኛው ወንዝ ውስጥ እንደሚገባ አያሳይም። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ማን ግቢ እንደሚዞር አያሳይም። ቦታው ላይ ከብት ያሰማሩ የነበሩ ሰዎች የት እንደሄዱ አያሳይም። ሽታ ደግሞ በቪዲዮ አይላክም።

እነዚህን ጥያቄዎች ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የሚጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ የሚያስቀምጥ ሰነድ አለ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይባላል። ስሙ ረጅምና ደረቅ ስለሆነ ብዙዎቻችን «የባለሙያ ጉዳይ ነው» ብለን ትተነዋል። እኔ ዛሬ የምለው ግን አንድ ነገር ነው፦ ይኼ ሰነድ ዋጋ የሚኖረው በጊዜው ከተሠራና ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው ካየው ብቻ ነው። ዘግይቶ ከመጣ፣ ወይም ማንም ሳያየው መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈ፣ የሚከፈለው ዋጋ ከብር ያልፋል። ይኼን ትምህርት እኛ ከመጽሐፍ አልተማርነውም። ያስተማረን ቆሼ ነው።

ሰነዱ ምን ይጠይቃል?

ወደ ቆሼ ከመሄዳችን በፊት ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። አንድ ባለሀብት ቆዳ ፋብሪካ ሊከፍት ነው እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይኼ ሥራ ጥናት ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል ነው። ሱቅ ለመክፈት ማንም የአካባቢ ጥናት አይጠይቃችሁም። ለግድብ፣ ለማዕድን ማውጫ፣ ለቆዳ ፋብሪካ፣ ለትልቅ የመስኖ እርሻ ግን ይጠየቃል።

ቀጥሎ ምን ምን ሊጎዳ እንደሚችል ይለያል፦ ውኃ፣ አፈር፣ አየር፣ የዱር እንስሳት፣ የሰው ጤና፣ የሰው ኑሮ፣ ቅርስ። ከዚያ አማራጮች ይነጻጸራሉ። ቦታው ሌላ ቢሆንስ? ማሽኑ ቢቀየርስ? ጭራሽ ባይሠራስ? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ለብዙ ሰው ስድብ ትመስላለች፤ ግን እሷም መጠየቅ አለባት።

ጉዳቱ ከተለየ በኋላ መፍትሔው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጉዳቱን ማስቀረት። ማስቀረት ካልተቻለ መቀነስ። የተጎዳውን መልሶ መጠገን። ይኼ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ብቻ መካስ። ልብ በሉ፣ ካሳ የመጨረሻው መልስ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ወሬው የሚጀምረው ከካሳ ነው።

ከዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን መርምሮ ይፈቅዳል፣ በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል፣ ወይም ይከለክላል። ሥራው ከተጀመረ በኋላም ቃል የተገባው እየተፈጸመ መሆኑን መከታተል አለበት። በቃ፣ ይኸው ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ መጻፍ ማለት ነው።

ሐሳቡ እኛ ጋ አልተፈጠረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሕግ አስገብታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የተሰበሰቡት አገሮችም በጋራ መግለጫቸው ተቀብለውታል። ኢትዮጵያም ብትሆን ሕግ አልቸገራትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ የልማት ፕሮግራሞች አካባቢን የማይጎዱ መሆን እንዳለባቸው፣ ሰዎችም በሚነካቸው ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከዚህም አልፎ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር እንደሌለበት ደንግጓል።

ሕጉ እንዲህ ከሆነ፣ ታዲያ ችግሩ የት ነው?

ሰንዳፋና ቆሼ

ቆሼ አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ከ50 ዓመት በላይ የጣለችበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ሲመረጥ ከከተማ ወጣ ያለ ነበር። ከተማዋ አደገችና ደርሳ ከበበችው። ቆሻሻውም ተራራ ሆነ። በተራራው ጥግና ሥር ሰዎች ቤት ሠርተው፣ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ፣ ልጆች እያሳደጉ ይኖሩ ነበር።

ቦታው መዘጋት እንዳለበት የሚያጠራጥር አልነበረም። ለዚህም ሲባል በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ድጋፍ፣ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወረቀት ላይ ሲታይ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፦ አሮጌውን አደገኛ ቦታ ዘግቶ፣ ፍሳሹ መሬት እንዳይሰርግ ተደርጎ ወደተሠራ አዲስ ቦታ መሄድ።

ግን ወራት እንኳ ሳይቆይ የሰንዳፋ አካባቢ ገበሬዎች አቤት አሉ። ከቆሻሻው የሚወጣው ፍሳሽ ውኃችንን በከለው፣ ከብቶቻችን ሞቱብን፣ ሽታው አላስቀምጥ አለን አሉ። አንዳንዶቹም ቦታው ለሌላ አገልግሎት እንደሚውል ተነግሯቸው እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ጊዜው ደግሞ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት በኦሮሚያ ተቃውሞ የተቀጣጠለበት፣ የመሬት ጉዳይ የሁሉም ሰው ቁስል የሆነበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የሰንዳፋው ማስወገጃ ሥራ አቆመ።

የከተማዋ ቆሻሻ ግን አላቆመም። መኪኖቹ ወዴት ሄዱ? ወደ ቆሼ ተመለሱ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ የቆሼ ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ለመናዱ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት የተከመረ ቆሻሻ፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት፣ ሥሩ የሰፈረ ድሃ ሕዝብ፣ ሁሉም አለበት። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ቆሼን ለማሳረፍ የተሠራው ቦታ ሥራ ያቆመው ምሕንድስናው ብቻ ስላልሠራ አይደለም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ስምምነት ስላልነበረው ጭምር ነው። ገበሬዎቹ ከመጀመሪያው ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ የፍሳሹን ነገር ቢጠይቁ፣ ውኃቸውን ማን እንደሚመረምር፣ ከብት ቢሞት ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ቢያውቁ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ቦታ በወራት ውስጥ ባልተዘጋ ነበር። ስለዚህ «ሕዝብ ማማከር ሥራ ያዘገያል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሰንዳፋን አስታውሱት። ያዘገየው አለመማከሩ ነው።

ጅብ ከሄደ በኋላ

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ጥናት ትርጉም የሚኖረው ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ሲመጣ ነው። ከተወሰነ በኋላ የሚመጣ ጥናት ሠርግ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሽማግሌ ነው።

ጊቤ 3ን እንውሰድ። ትልቅ ሥራ ነው፤ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም። ይኼን ጽሑፍ የምታነቡበትን ስልክ ቻርጅ ያደረገው መብራት ከዚያ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ጥቅሙን ማንም አይክድም። ነገር ግን ግንባታው የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ሲሆን፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ የጸደቀው በ2000 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። የአዋጁ ቃል ደግሞ «በፊት» ነው የሚለው።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩ ሕዝቦች፣ እንደ ዳሰነችና ሙርሲ ያሉት፣ ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘሩ ነበር። ግድብ ማለት ደግሞ ወንዙን ዓመቱን ሙሉ ማመጣጠን ነው። ለመብራት ጥሩ ነው፤ ለደለል እርሻ ግን ጎርፉ ቀረ ማለት ነው። ኬንያ ውስጥ የሚገኘው ቱርካና ሐይቅም አብዛኛውን ውኃ የሚያገኘው ከኦሞ ነው። ጥናቱ ለዚህ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው በየዓመቱ ከግድቡ ሰው ሠራሽ ጎርፍ መልቀቅን ነበር።

አስቡት እስቲ። ይኼ ጥያቄ ንድፍ ሳይሠራ ቢነሳ «ምን ያህል ውኃ፣ በየትኛው ወር፣ ለማን?» ተብሎ ግድቡ ራሱ ከእርሻው ጋር ተስማምቶ ሊታሰብ ይችላል። ኮንክሪት መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ሲነሳ ግን ጥናቱ «አይሆንም» የማለት አቅም የለውም። «እሺ» ብሎ ከሥሩ ቃል ኪዳን መጻፍ ብቻ ነው የሚቀረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

አንድ በአንድ ሲታይ ትንሽ

ሦስተኛው ችግር ከሁሉም ይረቅቃል። እያንዳንዱ ፕሮጀክት ለብቻው ሲጠና ጉዳቱ ትንሽ ይመስላል። አንድ ላይ ሲደመር ግን ሐይቅ ያደርቃል።

ወደ ሐዋሳ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ዝዋይን፣ ማለትም ደንበልን፣ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። የዝዋይ ትርፍ ውኃ ቡልቡላ በሚባለው ወንዝ አድርጎ አብያታ ሐይቅ ይገባል። አብያታ መውጫ የለውም፤ የመጨረሻው ጣቢያ እሱ ነው። ከላይ የተቀዳች እያንዳንዷ ባልዲ ከአብያታ የተቀነሰች ናት።

በዝዋይ ዙሪያ የመስኖ እርሻው በዛ። የአበባ እርሻዎች ተከፈቱ። በየጓሮው የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተተከለ። አብያታ ዳር ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃውን ከራሱ ከሐይቁ ይስብ ነበር። አንዱን ገበሬ ብትጠይቁት «እኔ የምቀዳት ምን ልታደርግ?» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። የአበባ እርሻውም ተመሳሳይ መልስ ይሰጣችኋል። ውጤቱ ግን ከሳተላይት ይታያል፦ አብያታ ከ1960ዎቹ ወዲህ ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል።

ሐይቁ ሲያንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣውም አለቀ። በአጠገቡ ባለው ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚያገኙት ከአብያታ ነበር፤ ሻላ ውስጥ በቂ ዓሣ የለምና። አንዱ ሐይቅ ሲታመም የሌላው ሐይቅ ወፍ ተራበ። ይኼ ሁሉ የሆነው ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በተከለለ ቦታ ውስጥ ነው።

እዚህ ጋ ጥፋተኛ ተብሎ ጣት የሚቀሰርበት አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ ገበሬ የለም። ያልተጠናው ፕሮጀክቱ ሳይሆን ፖሊሲው ነው። «መስኖ ይስፋፋ፣ አበባ ይላክ፣ ዶላር ይምጣ» ሲባል ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን «በዚህ ተፋሰስ ውስጥ በአጠቃላይ ስንት ውኃ አለ፣ ስንቱን መቀዳት እንችላለን?» ብሎ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረበት። የሚገርመው የ1995ቱ አዋጅ ይኼንንም አልረሳም፤ ፖሊሲና ስትራቴጂን የመሳሰሉ የመንግሥት ሰነዶችም እንዲገመገሙ ይላል። ስለ አዋጁ ሲወራ ግን ይቺ ክፍል ብዙ ጊዜ ተዘላ ታልፋለች።

«በጥናቱ ተካቷል»

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ በምኖርበት ሰፈር መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና ለሕዝብ ምክክር ተጠራን። ጥሪው የደረሰን በዚያው ቀን ጠዋት ነው። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ አብዛኛው አዛውንት፤ ወጣት በጣት የሚቆጠር። ፕሮጀክተር በርቶ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ ማብራሪያ ቀረበ። እርግጥ 3ዲ ቪዲዮም ነበረው።

የጎረቤታችን እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የክረምቱ ውኃ ወዴት ነው የሚወርደው?» አሉ። ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና ፈገግ አለና «በጥናቱ ተካቷል እማማ» አላቸው። እሳቸውም «ተመስገን» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ የስም ዝርዝር ዞረ፣ ፈረምን፣ ለስላሳ ጠጥተን ወጣን። እኔ በር ላይ ጠብቄ ጥናቱን ማየት እንደምንችል ስጠይቅ «ለቢሮ ብቻ ነው» ተባልኩ።

ክረምቱ ሲገባ ውኃው ራሱ መልሱን ሰጠ። የወረደው በእማማ ግቢ ነው። በኋላ ስሰማ ያ የፈረምንበት ወረቀት «ሕዝቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ለሚለው ገጽ አባሪ ሆኗል። እኛ የፈረምነው ለመገኘታችን ነበር፤ የተጻፈልን ግን መስማማታችን ነው።

ይኼ የአንድ ሰፈር ታሪክ ነው። ግን የአሠራሩን ቀዳዳ ያሳያል። ጥናቱን የሚያሠራውና ለአማካሪ ድርጅቱ የሚከፍለው የፕሮጀክቱ ባለቤት ራሱ ነው። በብዙ አገርም እንዲሁ ነው፤ ወጪውን ባለቤቱ መሸፈኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚከፍልህን ሰው «ፕሮጀክትህ መጥፎ ነው» ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ መርማሪው አካል ጠንካራና ገለልተኛ መሆን አለበት።

መርማሪውን ደግሞ እንየው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የነበረው በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፣ ቀጥሎ ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ቤት በቀየሩ ቁጥር ዕቃ እንደሚጠፋ እናውቃለን፤ መሥሪያ ቤትም እንደዚያው ነው፤ ሰነድ ይጠፋል፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ይሄዳል። በሌላ በኩል ጥናቶችን የመመርመር ሥልጣን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ተሰጥቶ የነበረበት ጊዜ ነበር። ማዕድን እንዲስፋፋ የሚሠራው መሥሪያ ቤት የማዕድን ጥናት ይመረምራል ማለት ነው። በኳስ ቋንቋ፣ አጥቂው ፊሽካውንም ይዟል።

ቅጣቱስ? በ1995ቱ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ፕሮጀክት የጀመረ ወይም በጥናቱ ውስጥ ሐሰት ያቀረበ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ያኔ 100,000 ብር ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ ለአንድ አዲስ አይፎን እንኳ ላይበቃ ይችላል። በመቶ ሚሊዮኖች ብር ለሚንቀሳቀስ ባለሀብት ይኼ ቅጣት አይደለም፤ የአገልግሎት ክፍያ ነው። እውነተኛው ጉልበት ያለው ፈቃድ ማገድና መሰረዝ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የመወሰን ድፍረት ይጠይቃል።

«ድሃ አገር ይኼን አይችልም»

አሁን አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። «አውሮፓና አሜሪካ መጀመሪያ ጫካቸውን ጨርሰው፣ ወንዛቸውን በክለው ነው ያደጉት። እኛ ሥራ አጥ ሆነን ስለ ፔሊካን እናውራ?» ሚዛናዊ ጥያቄ ነው፤ መልስ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መልስ፣ የአካባቢ ጥናት ፔሊካንን ብቻ አይደለም የሚመለከተው። ሰንዳፋ ላይ የተነሳው ጥያቄ የከብትና የመጠጥ ውኃ ጥያቄ ነበር። ኦሞ ላይ የእህል ጥያቄ ነው። ሀብታም ሰው ውኃው ሲበከል የታሸገ ውኃ ይገዛል፤ ሰፈሩ ሲሸት ቤት ይቀይራል። ድሃ ሰው ወንዙ ከተበከለ ሌላ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ድሃ አገር ይኼን ጥናት ከሀብታም አገር ይበልጥ ትፈልገዋለች።

ሁለተኛው መልስ፣ ስህተት ለድሃ ይወደዳል። ተሠርቶ የተዘጋ ማስወገጃ፣ ዓሣ ያለቀበት ሐይቅ፣ ጎርፍ የበላው መንገድ፣ እነዚህን ሁለተኛ ለመሥራት ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ሦስተኛው መልስ ከጎረቤት ነው። ኬንያ በላሙ የባሕር ዳርቻ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ልትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ ተሰጠው። ዓሣ አጥማጆችና የላሙ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ ወደ አገሪቱ የአካባቢ ጉዳዮች ችሎት ሄዱ። ችሎቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ፈቃዱን ሰረዘው። ዋናው ምክንያት ምን ይመስላችኋል? ሕዝቡ በአግባቡ አልተሳተፈም የሚል ነው። ስብሰባ ተደርጎ ነበር እኮ። ችሎቱ ግን ሰው ጥናቱን አይቶ፣ ተረድቶ፣ ሐሳብ ካልሰጠ ስብሰባው ተሳትፎ አይባልም አለ። «ከሰል ለዘላለም ክልክል ነው» አላለም፤ «ከፈለጋችሁ እንደገና፣ በትክክል ሥሩት» ነው ያለው። ኬንያ እንደኛው ታዳጊ አገር ናት። እንደኛውም መብራት ትፈልጋለች።

ስልካችሁ ምን ይሠራል?

ታዲያ አንድ ወጣት ምን ማድረግ ይችላል? የማወራው ስለ ሰልፍ አይደለም፤ ስለ ጥያቄ ነው። በሰፈራችሁ ወይም በወላጆቻችሁ ቀዬ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ሲመጣ እነዚህን አምስት ነገሮች ጠይቁ።

አንደኛ፣ ይኼ ፕሮጀክት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ፈቃድ አግኝቷል ወይ? ከሆነ መቼ፣ ከማን? የግንባታውን መጀመሪያ ቀንና የፈቃዱን ቀን አስተያዩ። ግንባታው ቀድሞ ከተገኘ ታሪኩን ገና ሳታነቡ አወቃችሁት።

ሁለተኛ፣ ሰነዱ የት ነው የሚነበበው? አዋጁ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። «ለቢሮ ብቻ» የሚባል መልስ የሕግ መሠረት የለውም። አምስት መቶ ገጽ ከሆነ ደግሞ ማጠቃለያውን፣ ሰዉ በሚሰማው ቋንቋ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ውኃው ከየት ይመጣል፣ ወዴትስ ይሄዳል? ከሁሉም ጥያቄ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይቺን ነው የምመርጠው። የአብዛኛው ጉዳት መንገዱ ውኃ ነው።

አራተኛ፣ ቃል የተገባውን ማን ይከታተላል? የማጣሪያ ገንዳ ይሠራል ከተባለ መቼ አልቆ ማን ይመረምረዋል? ለዓመታት በቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የተቸገረው የሞጆ ወንዝና ውኃውን የሚቀበለው ቆቃ ሐይቅ ያስተማሩን ነገር ቢኖር ገንዳ መሥራትና ገንዳውን በየቀኑ ማሠራት የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

አምስተኛ፣ አቤቱታ የት ይቀርባል? ይኼን ብዙ ሰው አያውቅም። በዚያው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው፣ «የግል ጥቅሜ ተነክቷል» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማለትም ወንዙ የሚያልፈው በእናንተ ግቢ ባይሆንም መጠየቅ ትችላላችሁ።

እናም ፎቶ አንሱ። ከግንባታው በፊት ወንዙ ምን ይመስል ነበር? ጎርፉ የት ድረስ ይደርስ ነበር? ቀን የተጻፈበት ፎቶ በኋላ ሲከራከሩ ከስሜት ይበልጣል። ስብሰባ ስትጠሩም ሂዱ፤ የስም ዝርዝሩ ላይ ስትፈርሙ ከስማችሁ አጠገብ «ተገኝቻለሁ፤ ጥናቱን አላየሁም» ብላችሁ ጻፉ። ስድስት ቃል አይሞላም። ግን ያ ወረቀት አባሪ ሲሆን እሷም አብራ ትሄዳለች።

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ሌላ ቆንጆ 3ዲ ቪዲዮ ሳይለቀቅ አይቀርም። እኔም አየዋለሁ፤ ካማረኝም ላይክ አደርገዋለሁ። ከዚያ ግን ኮሜንቱ ላይ ገብቼ የጎረቤታችንን እናት ጥያቄ እጽፋለሁ፦ «ውኃው ወዴት ነው የሚወርደው?» «በጥናቱ ተካቷል» የሚል መልስ ካገኘሁ ደግሞ «ስንተኛው ገጽ ላይ?» እላለሁ።